ጓዳውንስ ያየ አለ?

ወደ ነገራችን ከመግባታችን በፊት አንድ ማስታወሻ፦ ከዚህ በታች የምትገኙት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጉዳዩ በአብዛኛው የእንግሊዞች ስለሆነ በእነሱ አቆጣጠር ይሁንላቸው ብለን ነው።

በቴሌቪዥን ድራማ ያየነውን የድሮ ቤት በአካል ሄዶ መጎብኘት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ይህንን አስቀድመን የምንናገረው የሚያሾፉ ሰዎች ስላሉ ነው። "ታሪክን ትተው ተረት የሚከተሉ" ይሏቸዋል። "ዳውንተን አቢ"ን አይቶ ወደ ሃይክሊር ካስል የሚሄደውን፣ "ብሪጀርተን"ን አይቶ ባዝ ከተማ ገብቶ ፎቶ የሚነሳውን ያንቋሽሻሉ። እኛ ግን እንላለን፦ ሰው ወደ ታሪክ የሚገባበት በር ብዙ ነው። አንዱ በመጽሐፍ ይገባል፣ ሌላው በአያቱ ወሬ፣ ሌላው ደግሞ እሁድ ማታ ከሶፋው ላይ ተጋድሞ ባየው ድራማ። በየትም ይግባ፣ መግባቱ ነው ቁም ነገሩ።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ከገባ በኋላ ምን አየ? ሳሎኑን አየ። ደረጃውን አየ። ተዋናይዋ የቆመችበት መስኮት አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። መልካም። ጓዳውንስ?

ጣራው ያፈስ ነበር

መጀመሪያ ድራማው የሠራውን መልካም ሥራ እናውራ፤ እውነት ከተናገርን ቀላል አይደለምና።

ሃይክሊር ካስል የሚገኘው በደቡብ እንግሊዝ ሃምፕሸር ውስጥ ነው። የካርናርቮን ቤተሰብ ቦታውን የያዘው ከ1679 ጀምሮ ሲሆን፣ ዛሬ በቴሌቪዥን የምናውቀውን መልኩን የሰጠው ግን የብሪታንያን ፓርላማ ሕንፃ የነደፈው ቻርልስ ባሪ ነው፤ ያውም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ። በ2009 የወጡ የጋዜጣ ዘገባዎች ግቢው 12 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ጥገና እንደሚፈልግ ጽፈው ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉ ብዙ ክፍሎች ውኃ እየገባባቸው ለሰው መኖሪያ የማይሆኑ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2010፣ "ዳውንተን አቢ" በአይቲቪ መታየት ጀመረ። ድራማው እስከ 2015 በ6 ምዕራፍ ከቀረበ በኋላ በ2019፣ በ2022 እና በ2025 ሦስት ፊልሞች ተከተሉት። ሰዉ ወደ ሃይክሊር ጎረፈ። ባለቤቶቹም ድራማው ጣራቸውን እንዳዳነላቸው በአደባባይ ተናግረዋል።

ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሸር ያለው ካስል ሃዋርድ በ1940 በእሳት ተያይዞ ጉልላቱና ብዙ ክፍሎቹ ወድመው ነበር። በ1981 የታየው "ብራይድስሄድ ሪቪዚትድ" የተሰኘው ተከታታይ ድራማ እዚያ ሲቀረጽ፣ ከተቃጠለው ክፍል አንዱ ለቀረጻው ሲባል እንደገና ተሠራ። ቼሸር ውስጥ ያለው ላይም ፓርክም ቢሆን በ1995 ቢቢሲ "ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ"ን ካሳየ በኋላ ሚስተር ዳርሲ ከኩሬው ወጥቶ በእርጥብ ሸሚዝ የሄደባትን መሬት እንርገጥ የሚሉ ሰዎች አጥለቅልቀውት ነበር።

እንግዲህ አንድ ሕንፃ ሦስት መቶ ዓመት ቆሞ ያላገኘውን እርዳታ አንድ ሸሚዝ አስገኘለት ማለት ነው። አትሳቁ። የአሮጌ ቤት ትልቁ ጠላት ዝናብና መረሳት ነው። ዝናቡን ቆርቆሮ ይመልሰዋል፤ መረሳትን የሚመልሰው ግን ሰው ስለ ቤቱ የሚያወራው ታሪክ ብቻ ነው። ድራማ ይህንን ይሠራል። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ጓዳው የት ሄደ?

ችግሩ የሚጀምረው ድራማው ቤቱን ካዳነ በኋላ የቤቱን ታሪክ ራሱ መተረክ ሲጀምር ነው።

"ዳውንተን አቢ"ን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው የድራማው ግማሽ ሕይወት ያለው ላይ ሳይሆን ታች ነው። ሎርዱና እመቤቶቹ ፎቅ ላይ እራት ሲበሉ፣ ታች ወጥ ቤቷ ሚስስ ፓትሞር ትጮሃለች፣ ዴዚ ድስት ታማስላለች፣ የአሳላፊዎቹ አለቃ ሚስተር ካርሰን የብር ዕቃ ይቆጥራል። ብዙዎቻችን ድራማውን የወደድነው ለእነሱ ስንል ነው። ቤታቸው ሠራተኛ ያላቸውም፣ እናታቸው የሰው ቤት ሠርታ ያሳደገቻቸውም፣ ሁለቱም በየፊናቸው የሚያውቁት ነገር እዚያ አለ።

ታዲያ ሃይክሊር ሄዳችሁ የሚስስ ፓትሞርን ወጥ ቤት ብትፈልጉ አታገኙትም። የለማ! ወጥ ቤቱና የአሽከሮቹ መመገቢያ የተቀረጹት ለንደን ኢሊንግ ስቱዲዮ ውስጥ በተሠራ መድረክ ላይ ነው። የእውነተኛው ቤት የምድር ክፍል ለቀረጻው አይሆንም ነበርና። አሳላፊው ትሪውን ይዞ ደረጃ ሲወጣ፣ ከታች የተነሳው ለንደን ነው፤ ከላይ የደረሰው ሃምፕሸር ነው።

በሃይክሊር ምድር ቤት ዛሬ የምታገኙት የግብፅ ኤግዚቢሽን ነው። እሱም የራሱ ታሪክ አለው፦ 5ኛው የካርናርቮን ኧርል የቱታንክሃሙንን መቃብር በኅዳር 1922 ላገኘው ለሃዋርድ ካርተር ቁፋሮ ገንዘብ ያወጣ ሰው ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1923፣ ካይሮ ላይ ሞተ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ሄዳችሁ እዩት። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሎርዱ ሳሎን እውነተኛው ሳሎን ነው። የገረዷ ወጥ ቤት ግን ጣውላና ቀለም ነበር። ጎብኚው ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው የታሪኩን ግማሽ፣ ያውም ከላይ ያለውን ግማሽ ብቻ ነው።

ላይም ፓርክም እንደዚሁ ነው። የሚስተር ዳርሲ ቤት ከውጪ ሲታይ ላይም ነው፤ ከውስጥ ሲታይ ግን ደርቢሸር ውስጥ ያለው ሰድበሪ ሆል ነው። "ዘ ክራውን" ላይ የዌስትሚንስተር አቢ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ የተወነው የኢሊ ካቴድራል ነው። ይህ ውሸት ነው እያልን አይደለም። የፊልም ሥራ ነውና እንደዚያ ነው የሚሠራው። ነገር ግን ጎብኚው ይህንን አውቆ ይሂድ። ቤቶቹም ተዋናዮች ናቸው፤ ተዋናይን ደግሞ ሰው በገጸ ባሕሪው ስም ብቻ ሲጠራው ይከፋዋል።

ሌላ ዓይነት ቤትም አለ። ዌልስ ውስጥ፣ ሬክሰም ከተማ አጠገብ፣ ኤርዲግ የሚባል ግቢ አለ። የዮርክ ቤተሰብ በ1973 ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት አስረከበው። የዚህ ቤት ባለቤቶች ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አንድ ያልተለመደ ልማድ ነበራቸው፤ የአሽከሮቻቸውንና የገረዶቻቸውን ምስል ያስሉ ነበር፣ ኋላም ፎቶ ያስነሷቸው ነበር። አናጺው፣ የአዳኙ ጠባቂ፣ የቤት ጠራጊዋ፣ እያንዳንዳቸው ከነስማቸውና ስለ እነሱ ከተጻፈ ግጥም ጋር ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ጎብኚው ወደ ቤቱ የሚገባውም በዋናው በር ሳይሆን በሠራተኞቹ ግቢ በኩል አልፎ ነው። እዚያ ቤት መጀመሪያ የምታገኙት ጓዳውን ነው፤ ሳሎኑ ኋላ ይመጣል። እኛ በድራማ ታዋቂ የሆኑት ቤቶች ሁሉ ከኤርዲግ እንዲማሩ እንመኛለን።

ገባሩ ማን ነበር?

ሁለተኛው ጥያቄያችን ከራሳችን ታሪክ የተቀዳ ነው። እኛ አገር አንድ ሰው "እገሌ ትልቅ ቤት ሠራ" ሲባል ስለ ጉልቱ ይጠይቃል፤ ማን ገበረለት? ይላል። ይህንን ጥያቄ ለእንግሊዝ መኳንንት ቤት የማናነሳበት ምክንያት አይታየንም።

ዮርክሸር ውስጥ ሊድስ አጠገብ ሄርዉድ ሃውስ የሚባል እጅግ ውብ ቤት አለ። የአይቲቪው "ቪክቶሪያ" ድራማ ከተቀረጸባቸው ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ በ2019 በወጣው የ"ዳውንተን አቢ" ፊልም ላይ ደግሞ ራሱን ሆኖ ቀርቧል። ግንባታው በ1759 ሲጀመር ገንዘቡ የመጣው ከላሴልስ ቤተሰብ ነው። የላሴልስ ቤተሰብ ገንዘብ ደግሞ የመጣው ከዌስት ኢንዲስ፣ ከባርቤዶስና ከአካባቢው ደሴቶች፣ ከስኳርና ከባርያ ንግድ ነው።

በ1833 የብሪታንያ ፓርላማ በቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ሲያወጣ ካሣ ተመደበ፤ 20 ሚሊዮን ፓውንድ። የተከፈለው ግን ለባሮቹ አይደለም፤ ለጌቶቹ ነው። "ንብረታቸው" ስለተወሰደባቸው። የሄርዉድ ኧርል ለ1,277 ሰዎች ከ26 ሺሕ ፓውንድ በላይ ተቀብሏል። አንድ ሺሕ ሁለት መቶ ሰባ ሰባት ሰው። ሄርዉድን የምንጎበኝ ሰዎች የጣራውን ጌጥ ቀና ብለን ስናይ ይህቺን ቁጥር በአእምሯችን ብንይዛት ጌጡ አይጠፋም። ትርጉሙ ግን ይሞላል።

ደግነቱ ቤቱን ዛሬ የያዘው ዴቪድ ላሴልስ ይህንን አይደብቅም። ሰውየው ራሱም የፊልምና የቴሌቪዥን ፕሮዲውሰር ነው። በ2023 ከባርነት የበለጸጉ ቤተሰቦች ልጆች ያቋቋሙት ማኅበር መሥራቾች አንዱ ሆኖ ስለ ቤተሰቡ ታሪክ በግልጽ ይናገራል። ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ናሽናል ትረስት በ2020 ከሚያስተዳድራቸው ቤቶች 93ቱ ከቅኝ ግዛትና ከባርነት ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያሳይ ሪፖርት ሲያወጣ፣ "የአገራችንን ታሪክ ልታጎድፉ ነው" ብሎ የተነሳበት ሰው ብዙ ነበር። ሻያችንን በሰላም ልንጠጣ መጥተን ለምን ስለ ባርያ ታወሩብናላችሁ ነው ነገሩ።

እዚህ ላይ "ብሪጀርተን" ይነሳል። በታኅሣሥ 2020 በኔትፍሊክስ የወጣው ይህ ድራማ በ1813 ለንደን ውስጥ ጥቁር መስፍን በፈረስ ሲያስጋልብ፣ ጥቁር እመቤት ንግሥቲቱን ስታማክር ያሳየናል። እኛም ወደነዋል፣ ምን እናድርግ፣ የእኛን መልክ የያዘ ሰው በሐር ካባ ሲጨፍር ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን በእውነተኛው 1813 በብሪታንያ ደሴቶች ላይ የእኛን መልክ የያዙ መቶ ሺሕዎች ሸንኮራ አገዳ እየቆረጡ ነበር። ድራማው ምኞት ነው፤ ምኞት ኃጢአት አይደለም። ቤቱ ግን ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን ያስጠረበውን ገንዘብ ቤቱ ጋ ስንሄድ ልንጠይቅ ይገባናል።

ካሜራ ያልዞረበት በር

ሦስተኛው ነገር ደግሞ እኛን በቀጥታ ይነካል።

"ብሪጀርተን" ለንደንን እየተረከ በብዛት የተቀረጸው ባዝ ከተማ ነው። ሮያል ክረሰንት የሚባለው፣ ከ1767 ጀምሮ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተሠራው የ30 ቤቶች ረድፍ፣ ዛሬ በፎቶ የሚታወቀው በዚሁ ድራማ ነው። ቁጥር 1 ላይ ያለው ቤት የፌዘሪንግተን ቤተሰብ ቤት ሆኖ ከውጪ ታይቷል። ውስጡ ሙዚየም ነው። እንዲያውም ወጥ ቤቱና የአሽከሮቹ ክፍል ሳይቀር ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ግቡ፣ እዩ።

ግን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። እዚያው ባዝ ውስጥ፣ በምዕራብ በኩል ባለው የከተማው ጠርዝ፣ ፌርፊልድ ሃውስ የሚባል ቤት አለ። በ1936 ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ የተሰደዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገዙትና እስከ 1940 ከቤተሰባቸው ጋር የኖሩበት ቤት ነው። "ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ" የተባለው መጽሐፋቸው የመጀመሪያ ክፍል የተጻፈው እዚያው ባዝ ነው። ገንዘብ አጥሯቸው የብር ዕቃ እስከ መሸጥ የደረሱበት፣ ክረምቱ የከበደባቸው ዘመን ነበር። ከድል በኋላ፣ በ1958፣ ቤቱን ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለከተማው ሰጡት። በኋለኞቹ ዓመታት ከካሪቢያንና ከሌላም አገር የመጡ አዛውንቶች የሚሰባሰቡበት ቤት ሆኖ አገልግሏል።

ንጉሡን ውደዱ አትውደዱ፣ ያ ሌላ ክርክር ነው፤ በእኛ መካከልም ስምምነት የለም። ግን የጠፋ ዙፋን፣ የተሰደደ ቤተ መንግሥት፣ የማይሞቅ ሳሎን፣ የሚጠበቅ ደብዳቤ ያለበት ቤት ነው። ድራማ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ፌርፊልድ ግን የድራማ ስም የለውም። ስለዚህ ከሮያል ክረሰንት ፊት ፎቶ ከሚነሳው ሕዝብ ስንቱ እዚያ ይደርሳል? የሐበሻው ልጅ ራሱ፣ ከለንደን ወይም ከሊድስ ባቡር ተሳፍሮ ባዝ ሲደርስ፣ የሌዲ ፌዘሪንግተንን በር አይቶ የአያቶቹን ዘመን በር ሳያይ ይመለሳል። ያልነበረች ሴት በር የነበረ ሰው በር ሸፈነ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ዊንዘር ነው። በ"ዘ ክራውን" የምናየው ዊንዘር ካስል እውነተኛው ዊንዘር አይደለም፤ ቤልቮር ካስልና በርሊ ሃውስ ናቸው በየተራ የተወኑለት። በእውነተኛው ዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ አለ። በ1868 ከመቅደላ ሲወሰድ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያ ተቀበለችው። በ1879፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ውስጥ ሞተ። ሄርዉድ ከዚያች ከተማ ብዙ አይርቅም። በ2023 ከቤተሰቡ ወገን የሆኑ ሰዎች አጽሙ ይመለስልን ቢሉ፣ የሌሎችን መቃብር ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ ቤተ መንግሥቱ እምቢ አለ። የአይቲቪው "ቪክቶሪያ" ደግሞ ሦስት ምዕራፍ ተጉዞ ያቆመው 1851 ላይ ነው። ከመቅደላ 17 ዓመት ቀድሞ። ሕፃኑ ልዑል ወደ ድራማው ሳይደርስ መጋረጃው ወረደ።

ማንንም መክሰሳችን አይደለም። ድራማ ሁሉን ሊተርክ አይችልም። የምንለው ይህንን ነው፦ የት እንደምንሄድ ካሜራው ብቻ ከመረጠልን፣ ምን እንደምናስታውስም እሱ ይመርጥልናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

"ቪዛው የት አለና ነው ይህ ሁሉ ምክር!" የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ አብዛኞቻችን ቤቶቹን ከስክሪን አልፈን አላየናቸውም። ግን እዚያ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች አላችሁ። የቱሪስት ፎቶ የምትልኩልን እናንተ ናችሁ። ደግሞም ጥያቄዎቹ ስክሪን ፊት ተቀምጦም ይጠየቃሉ።

ስለዚህ ሂዱ። ሃይክሊርም ሂዱ፣ ካስል ሃዋርድም ሂዱ። የመግቢያችሁ ገንዘብ ጣራ ይጠግናል፤ ጥሩ ነው። ሳሎኑን ተደነቁበት፤ የእጅ ሥራው የአናጺና የግንበኛ ነው፣ የሎርዱ ብቻ አይደለም። ከዚያ ግን አስጎብኚውን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ጓዳው የት ነው? ገባሩ ማን ነበር? ከካሜራው ውጪ ምን ቀረ? ጥሩ አስጎብኚ ከሆነ ደስ ይለዋል፤ ስለ ተዋናይዋ ቀሚስ ሲጠየቅ የዋለ ሰው ነውና። ካልሆነም ጥያቄው እዚያው ይቀመጥ፤ ደጋግሞ የተጠየቀ ጥያቄ አንድ ቀን ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል። ኤርዲግ የገረዶቹን ስም ከሰቀለ ሌላውም ይሰቅላል።

ባዝ ከሄዳችሁ ደግሞ አንድ ቀን ጨምሩ። ፌርፊልድ ሁልጊዜ ክፍት አይደለምና የሚከፈትበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዊንዘር ከሄዳችሁም ለዓለማየሁ አንድ ደቂቃ ቁሙለት። ይኸው ነው።

ፎቶ ስትልኩልን ግን ከፊት ለፊቱ በር ሆናችሁ የተነሳችሁትን ብቻ አትላኩ። እሱን ከድራማው እናውቀዋለን። ከጓዳው በር የተነሳችሁትን ላኩልን።